ማሲንቆውና የአፋር ጭፈራ አልገጥም አሉን፤ ምን ይሻለናል?

ሰላም ለሁላችሁ። የሸዋ ሮቢት ልጆች ነን። ከአፋር ጓደኞቻችን ጋር አንድ መድረክ ላይ ለመጫወት ልምምድ ጀምረናል። እሁድ እሁድ ሰንበቴ ገበያ አብሮ የሚውል ሕዝብ መድረክ ላይም አብሮ ቢታይ ብለን ነው።

የቸገረን ሙዚቃው ነው። የአፋር ጓደኞቻችን የያዙት ጭፈራ መሣሪያ የለውም፤ ጭብጨባና ድምፅ ብቻ። እየሞቀ ሲሄድ ድምፃቸው ከፍ ይላል። የኛ ማሲንቆ ደግሞ ባቲ በሚባለው ቅኝት እየተጫወተ ክሩ መጀመሪያ በተቃኘበት ድምፅ ላይ ይቀራል። ልጁ መሀል ላይ መቃኛውን ሊያጠብቅ ሲሞክር ጨዋታው ይበርዳል። ኦርጋን አስገቡ ያሉን አሉ፤ እኔ ግን ጭብጨባውን እንዳይውጠው እሰጋለሁ።

ማሲንቆው የነሱ ድምፅ ሲያርፍ ብቻ ይግባ? ወይስ ከበሮ ይበቃል? እንዲህ ያለ ነገር የሠራችሁ እባካችሁ ምከሩን። አፋርኛም አማርኛም ግጥም የሚችል ሰው ካወቃችሁም ጠቁሙን።