የስዊዝ ቦይ ሠራተኞች ሰፈሮች፦ ለዐውደ ርእዩ የጋራ ሐሳብ እናዋጣ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ለጥምቀት ሰሞን ዐውደ ርእያችን የስዊዝ ቦይ ሠራተኞችን ሰፈሮች ላቅርብ። ቁፋሮው በ1859 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1869 ተመርቋል። ስለ መርከቦቹ ብዙ ተብሏል፤ እኔን የሚያሳዝነኝ የቆፋሪዎቹ ማደሪያ መረሳቱ ነው። የወደብ ከተማዋ ፖርት ሰይድ የተቆረቆረችው በሜዲትራኒያን ባሕርና በመንዛላ ሐይቅ መካከል ባለች ቀጭን የአሸዋ ምድር ላይ ነው። በድንኳንና በእንጨት ቤት ጀመሩ፤ መሬቱንም ከቦዩ በወጣው ጭቃ እየደለደሉ አሰፉት።

የታሪክ መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ውሃውን እንዳንዘለው። በዚያ በረሃ ሰው ለማስፈር ከሁሉ በፊት የሚጠጣ ውሃ ያስፈልግ ነበር። ከዓባይ የተጠለፈው የመጠጥ ውሃ ቦይ በ1862 እ.ኤ.አ. ቲምሳሕ ሐይቅ አጠገብ ደረሰ፤ የኢስማኢሊያ ከተማ የቆመችው በእርሱ ነው። እዚህ ጎንደር የፋሲል መዋኛን የሚሞላው የቀሃ ወንዛችንም መገጭ ወንዝ ገብቶ፣ ጣና ደርሶ፣ ዓባይ ይሆናል። መግቢያው ላይ ይህንን የውሃ መንገድ በአንድ ካርታ እንሳል፤ ልጆቻችን በጣታቸው ይከተሉታል።

ግንበኛው አባል፦ ካርታው ይሁን፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን ስለ ሰፈሮቹ ስንጽፍ አናሳምራቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቆፋሪው በግዳጅ የመጣ የግብፅ ገበሬ ነበር፤ ግዳጁ በ1864 ቀርቶ የእንፋሎት ማሽኖች ሥራውን እስኪረከቡ ድረስ። ከዚያም በኋላ ቢሆን በኢስማኢሊያ የአውሮፓውያኑ ሰፈር በአትክልትና በዛፍ ጥላ ተከብቦ፣ የዓረቦቹ ሰፈር ለብቻው ነበር። ፖርት ሰይድና ኢስማኢሊያ የተጠሩት በግብፅ ገዢዎቹ በሰይድና በኢስማኢል ስም ነው። ሰፈር መለያየቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጎንደርን ግንብ ከገነቡት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ግን እነርሱም ሙስሊሞቹም ተለይተው እንዲሰፍሩ ታዘዘ። የቤተ እስራኤላውያኑን ሰፈር ካይላ ሜዳንና የሙስሊሞቹን ሰፈር አዲስ ዓለምን ከኢስማኢሊያ ጎን እናቁም። እኔ ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ክፍል ካልገባ ስሜን ከሐሳቡ ላይ አንሡልኝ።

የታሪክ መምህርቷ፦ ልክ ነዎት፣ አባቴ። ክፍሉ ሁለተኛ ሆኖ ይግባ፤ ከካርታው ቀጥሎ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ተስማምተናል፤ ርእሱንም «ቦዩን የቆፈሩ፣ ግንቡን የገነቡ» ብዬዋለሁ። በ1926 እ.ኤ.አ. ከፖርት ሰይድ ፊት ለፊት በቦዩ ማዶ የተቆረቆረችውን የፖርት ፉአድን ከተማ በአጭሩ መጨረሻ ላይ እናነሣታለን። ቀሃን ከመዋኛው በላይ ፎቶ የሚያነሣ አባል እስከ ዓርብ ያሳውቀኝ፤ ጠዋት ብርሃኑ ከወንዙ ላይ ሳይነሣ ቢሆን ይሻላል።