የእናታችን የብራና ዳዊት ለማን ይገባል?

የቡልጋዋ ልጅ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ነው። እናቴ ካረፈች አሥር ወር ሆኗታል፤ በሙት ዓመቷ ዕለት የሚነበብ የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ እህትና ወንድሞቼ አደራ ሰጥተውኛል። አባታችን ሲሞት አራት ልጆች ታቅፋ የቀረችው እናቴ ያሳደገችን ጥጥ ፈትላ፣ ማጉን ተሸክማ ዳገቱን በመውጣት ሽሮ ሜዳ ላሉ ሸማኔዎች እየሸጠች ነው። ይህን መጻፍ አይከብደኝም፤ የከበደኝ የዳዊቷ ጉዳይ ነው።

ከአባቷ የወረሰችው የብራና ዳዊት ለዓመታት በማኅደሩ፣ በቆዳ መያዣው፣ እንዳለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ፤ እርሷ ፊደል አልቆጠረችምና። ማንበብ የቻለችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ማታ ማታ ተምራ ነው። ሃይማኖትን በማይወድ መንግሥት ዘመን የቆጠረችውን ፊደል ይዛ በቀጥታ ወደ ዳዊቷ መሄዷ እስከ ዛሬ ፈገግ ያሰኘኛል። የግእዙን ትርጉም ባታውቅም በየማለዳው አንድ ንጉሥ፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር፣ ትደግም ነበር፤ ዐሥሩ ሳያልቅ ቡና አትቀምስም። መዝሙር 90 ያለበት ቅጠል ላይ የጧፍ ጠብታ ደርቆ ቀርቷል።

አሁን ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ዳዊቱን ልውሰደው ይላል፣ እህቴ ለደብሩ ይሰጥ ትላለች። እኔ ለክረምቱ ብዬ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ዲያቆኑ፦
ነፍስ ይማር። በታሪኳ ውስጥ የክርስትና ስሟን አይርሱ፤ ካህናቱ በጸሎት የሚያነሷት በእርሱ ነውና። ወንድምዎን በተመለከተ፣ በቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ቢሞክሩም ቦሌ ላይ ሊያዝባቸው ይችላል። ለደብሩ ከሰጣችሁም በንብረት መዝገብ ላይ እንዲሰፍር አድርጉ።

ብራና ጠጋኝ፦
እባክዎ ፕላስቲኩን ዛሬውኑ ያውልቁ! ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ስለሆነ እርጥበት ይስባል፤ ታፍኖ ሲቀመጥ ይሻግታል፣ ይጨማደዳልም። ወደ ማኅደሩ ይመልሱት፤ ከጭስ፣ ከፀሐይና ከእርጥብ ግድግዳ ይራቅ። የጧፉን ጠብታም ለማንሣት አይሞክሩ፤ እርሱም የታሪኩ አካል ነው።

የኮተቤዋ እናት፦
ልጄ፣ እኔም ፊደል የቆጠርሁት በዚያው ዘመቻ ነው። ማታ ሊጥ አቡክተን፣ ልጅ አዝለን ነበር የምንሄደው፤ አስተማሪዎቻችን ልጆቻችን የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ስለ ዳዊቱ ስትጽፊ በአባቷ ውርስ ብቻ አትጀምሪ፣ ከዚያ ክፍል ጀምሪ። መጽሐፉን ወረሰች፤ ማንበቡን ግን በራሷ ድካም ነው ያገኘችው። ለወንድምሽ ቅጠል በቅጠል ፎቶ አንሺና ላኪለት፤ ዳዊቱ ግን አንቺ ዘንድ ይቆይ እላለሁ፤ ደብሩም ቢሆን አይቸኩል።

የቡልጋዋ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ፕላስቲኩን ስፈታው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጠሎች፣ የእመቤታችን ምስጋና የሆነው አንቀጸ ብርሃን ያለበት ላይ፣ ተጣብቀው አገኘኋቸው። በቢላ ጫፍ ላላቅቃቸው ይሆን?

ብራና ጠጋኝ፦
በፍጹም አይንኳቸው። ጥላና ነፋሻ በሆነ ክፍል፣ በንጹሕ ነጠላ ላይ ያሳርፉትና የብራና ጥገና ለሚያውቅ ባለሙያ ያሳዩት።