ጊታርና ሀርሞኒካ ለብቻ፣ እግር ተጨምሮ... ብሉዝ አልወጣ አለኝ

ክር በጣሽ
ሰላም ለሁላችሁ። ጊታር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ አሁን ግን ብሉዝ ላይ ሙጭጭ ብያለሁ፣ በተለይ አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ጊታሩንም ሀርሞኒካውንም ዘፈኑንም የእግሩን ምት የሚያስኬደው ነገር ልቤን ወስዶታል። እዚህ አዲስ አበባ ባንድ ማቆም ጣጣው ብዙ ነው፣ ድራመሩ ሲመጣ ቤዚስቱ ይቀራል፣ ስለዚህ ብቻዬን ልሞክረው ብዬ ሲ ሀርሞኒካ (በሲ ቁልፍ የተቃኘ) እና አንገት ላይ የሚጠለቀውን የሽቦ መያዣ ገዛሁ፣ ለእግሬ ደግሞ ፔዳል ያለው ትንሽ ከበሮ አገኘሁ። ችግሩ ጊታሩን በሲ አድርጌ ሀርሞኒካውን ስነፋ ይገጥማል ግን የልጆች መዝሙር ነው የሚመስለው እንጂ ብሉዝ ብሉዝ አይሸትም። ደግሞ መዝፈን ስጀምር እግሬ ቀጥ ይላል፣ ሀርሞኒካ ውስጥ ስገባ ደግሞ ቀኝ እጄ ጊታሩን ትቶ ሀርሞኒካውን ተከትሎ ይሄዳል። መያዣው ራሱ ዘፈኑ መሃል ቀስ እያለ ወርዶ አገጬ ስር ይገኛል። አንድ ካፌ ሐሙስ ማታ ማታ ና ተጫወት ብለውኛል፣ ምን ላድርግ?

ደረቅ ቤዝ
የመጀመሪያው ቀላል ነው ብሮ። በሲ ሀርሞኒካ ብሉዝ ስትጫወት ጊታሩ ጂ ላይ ነው መሆን ያለበት። ከ1 እስከ 4 ያሉትን ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ሳብ፣ ዲ ጂ ቢ ዲ ይሰጡሃል፣ ያ ሙሉ የጂ ኮርድ ነው። ከ1 እስከ 3 ስትነፋ ደግሞ ሲ ኮርድ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ ለጂ ብሉዝ አራተኛው ኮርድ ነው። አምስተኛው ዲ ላይ ስትደርስ ብቻ ሙሉ ኮርድ የለህም፣ 1ን ወይ 4ን ስበህ ዲ ኖታዋን ብቻ ይዘህ እለፍ። ዋናው ነገር ግን 2፣ 3፣ 4 እና 6 ላይ እየሳብክ ምላስህን ወደ ኋላ ሸሸት ስታደርገው ድምፁ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ያ ልቅሶው የሚመጣው ከዛ ነው፣ አንተ እየነፋህ ስለምትጫወት ነው ያጣኸው።

ጊታሩ ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ተጭኖ የሚይዘው መቆንጠጫ) 3ኛ ፍሬት ላይ አስርና የኢ፣ የኤ፣ የቢ7 ቅርፅ ያዝ፣ የሚወጣው ጂ፣ ሲ፣ ዲ7 ነው። በኢ ቅርፅ ወፍራሙ ክር ክፍት ስለሚሆን አውራ ጣትህ እሱን ብቻ እየመታ ቤዙን ይዞልህ ይቆያል። ኤ ሀርሞኒካ ካገኘህ ያለ ካፖ በቀጥታ በኢ ትገባለህ።

የኦክላንዱ
እኔ የምኖረው ኦክላንድ ካሊፎርኒያ ነው፣ የጠየቅከው ነገር ደግሞ የዚህ ከተማም ታሪክ ነው። ጄሲ ፉለር እዚሁ ነው የኖረው፣ በ1896 ጆርጂያ ተወልዶ በ1976 እዚህ ሞተ። ባቡር ድርጅት ውስጥም ሌላም ሌላም ሥራ ሲሠራ ኖሮ ሙዚቃውን እንጀራዬ ብሎ የያዘው ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ነው፣ እና እንዳንተ አብረውት የሚጫወቱ ሰዎች ማግኘት ሲቸግረው ብቻዬን ባንድ እሆናለሁ አለ። በእግር ጣቱ የሚረግጣቸው ፔዳሎች ያሉት፣ ሲረገጡ መዶሻ የቤዝ ክር የሚመታበት ነገር ራሱ ሠራ፣ በሌላው እግሩ ሀይሃት (በፔዳል የሚጋጩ ጥንድ ሲምባሎች)፣ በእጁ ባለ 12 ክር ጊታር፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ሀርሞኒካ። ዶክተር ሮስም አለልህ፣ የሚሲሲፒ ሰው፣ ፍሊንት ሚሺጋን ጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ እየሠራ ጊታሩን፣ ሀርሞኒካውንና ከበሮውን ብቻውን የሚያስኬድ፣ ግራኝ ስለነበር ጊታሩንም ሀርሞኒካውንም ገልብጦ ነበር የሚጫወተው።

የብሉዝ ዘፋኙን ጂሚ ሪድን እየሰማህ ከሆነ ግን ልብ በል፣ ሀርሞኒካውን አንገቱ ላይ አድርጎ ነው የሚጫወተው፣ ከስሩ ግን ኤዲ ቴይለር በሌላ ጊታር ሪትሙን ጥርቅም አድርጎ ይዞለታል። ያን ሁሉ ብቻህን ላውጣው ካልክ ትሞታለህ። ደረቅ ቤዝ፣ ትንሽ ላርምህ፣ ሲ ሀርሞኒካ በሲ ጊታር ብሉዝ አይሆንም ማለት አይደለም፣ ጂሚ ሪድ ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው፣ ላይኞቹን 8፣ 9፣ 10 ቀዳዳ እየነፋ ያስለቅሳቸዋል፣ እነሱ ሲነፉ ነው የሚጎብጡት፣ ማለት ድምፃቸው ወደ ታች የሚንሸራተተው። ለጀማሪ ግን የጂውን መንገድ እመርጣለሁ።

ልምምዱን በእግር ጀምር። ሀርሞኒካውን ሳጥን ውስጥ ክተተው። እግርና አውራ ጣት ብቻ፣ አንድ ኮርድ ላይ፣ እስኪሰለችህ። ከዛ አጠገብህ ወሬ የሚያወራ ሰው አስቀምጥና እየተጫወትክ መልስለት። ምሳ ምን በላህ ሲልህ እግርህ ካልቆመ ዘፈን ጨምር፣ ሀርሞኒካው መጨረሻ ነው የሚመጣው።

ሳውንድ ቼክ
ጋሼ፣ ከታሪኩ ተምሬያለሁ፣ ግን ለሐሙስ የሚሆን ምክር አይደለም የሰጡት። ክር በጣሽ፣ ከበሮውን ቤት ተወው። የብሉዝ ሰው ጆን ሊ ሁከር በ1948 ዲትሮይት ሲቀረፅ እግሩ ስር እንጨት ተደርጎ በእግሩ ምት ብቻ ነው ያ ሁሉ ነገር የሄደው። የጣውላ ቁራጭና ጠንከር ያለ ሶል ያለው ጫማ ይበቃሃል፣ እግርህ እንደ ልቡ ይምታ፣ ፔዳል ስትረግጥ ግን ሀሳብህ ወደ ታች ይወርዳል።

መያዣህ የሚወርደው ጎንና ጎን ያሉት በእጅ የሚጠበቁት ብሎኖች ስለሚላሉ ነው፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀለበት ቀለበት ቁረጥና መሃላቸው አስገባ፣ ጥብቅ ይልልሃል። ስትጫወት ደግሞ ከፍ አድርገህ እሰረው፣ አንገትህን እያሰገግህ ሀርሞኒካ የምትፈልግ ከሆነ ሁለት ዘፈን ሳትጨርስ ማጅራትህ ይደርቃል፣ መዝፈን ስትፈልግ ጭንቅላትህን ትንሽ ወደ ኋላ ማለት ብቻ በቂ እንዲሆን አስተካክለው። ማይክ አንድ ብቻ አድርግ፣ ለድምፅህም ለሀርሞኒካውም፣ ስፒከሩ ከኋላህ ከሆነ ያፏጫል ከፊትህ አድርገው። እጅህ ስላልተፈታ ሀርሞኒካውን ሸፍነህ ዋ ዋ ማስባል የለም፣ ያን ከጉሮሮህ ነው የምታወጣው።

የኦክላንዱ
ልጄ ለሐሙስ አንተ ትክክል ነህ። ግን ከበሮውን ዛሬ ካልለመደው መቼም አይለምደውም።

ክር በጣሽ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ካፖውን 3 ላይ አድርጌ ሞከርኩት፣ ኧረ ጉድ ነው፣ ስስበው ወዲያው ብሉዝ ሆነ። ከመነዳሪውንም አደርጋለሁ። ግን አሁን አዲስ ችግር መጣ፣ ሁሉም መሳብ ሲሆን ሳንባዬ ይሞላና መሃል ላይ እታፈናለሁ።

ደረቅ ቤዝ
በአፍንጫህ አውጣው፣ ደግሞ ብልሃት ልንገርህ፣ 2ን መሳብና 3ን መንፋት አንድ ኖታ ናቸው፣ ሁለቱም ጂ። አየር ሲበዛብህ 2ን ትተህ 3ን ንፋ፣ ማንም አያውቅብህም። ሌላው፣ ስበህ ስበህ እንደጨረስክ ወዲያው ወደ ዘፈኑ ግባ፣ ሳንባህ ሞልቷል፣ ለአንድ ስንኝ የሚሆን አየር ተቀምጦልሃል። አንድ ስንኝ ዘፈን፣ አንድ መልስ በሀርሞኒካ፣ የብሉዙ አንድ ዙር፣ 12ቱ ባር፣ በዛው ያልቃል። ሀርሞኒካው ሲገባ ጊታሩ ላይ አውራ ጣትህ ብቻ ይቅር፣ ሌላውን ጣት ሁሉ አሳርፈው፣ እጅህ የሚጠፋብህ ብዙ ስለምታስጨንቀው ነው።

ማሲንቆ ወዳድ
ለካፌ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በዛችው ሲ ሀርሞኒካ ትዝታ ሜጀርን ምንም ሳታጎብጥ ታወጣዋለህ፦ 4 ንፋ፣ 4 ሳብ፣ 5 ንፋ፣ 6 ንፋ፣ 6 ሳብ፣ 7 ንፋ። 5ንና 7ን መሳብ ብቻ እለፋቸው። ካፖውን አውልቀህ ጊታሩን በሲ ያዝ። ከብሉዙ መሃል አንድ እሱን ጣል ብታደርግ ካፌው ውስጥ ሒሳብ ጠይቆ የነበረው ሁሉ ተመልሶ ይቀመጣል።

ክር በጣሽ
ያቺን በደንብ እለማመዳታለሁ። ኤ ሀርሞኒካ አዲስ አበባ የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ የጠየቅኳቸው ሱቆች ሁሉ ሲ ብቻ ነው ያላቸው።

የኦክላንዱ
ለገና የምትመጣ የእህቴ ልጅ አለች፣ ሻንጣዋ ውስጥ አስገባልሃለሁ፣ በውስጥ ፃፍልኝ።