ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ትሁን ወይስ ባለችበት ትቅር?

የፌንተኗ፦ ቅዳሜ በነበረው ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «ሲልቨር ስፕሪንግ እኮ ከተማ አይደለችም፣ የፖስታ አድራሻ ናት። ከተማ ትሁን እያላችሁ ሰው አታድክሙ» አለ። ቤቱም አጨበጨበ። እስካሁን ይከነክነኛል። እውነት ነው፣ እኛ ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ጥግ ያለን ሰዎች የራሳችን ከንቲባ የለንም፣ የሚያስተዳድረን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። በ2020 ቆጠራ 81,015 ሰው የተቆጠረባት ቦታ የፖስታ አድራሻ ትባላለች? ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ በሕዝብ ከእኛ በጣም ታንሳለች። ግን ከ1890 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከንቲባና ምክር ቤት አላት። እኛ ምን ጎድሎን ነው?

ጋሽ ታክሲ፦ እህቴ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አሁንም ቃሌን አላነሳም። የታኮማን ታሪክ ካነሳሽ ግን ከሥሩ አንሺው። ጊልበርት የሚባል የመሬት ነጋዴ በ1883 ባቡር ሐዲዱ ዳር መሬት ገዝቶ ሸነሸነው። የዋሽንግተን ሙቀትና ወባ ላስመረረው የመንግሥት ሠራተኛ ሸጠለት። ቦታው ከተማ ሲሆን የመጀመሪያው ከንቲባ ማን ሆነ? ራሱ ጊልበርት! ከተማነት ያኔም የመሬት ሻጭ ጉዳይ ነበር። ዛሬም ትርፉ ለኮንዶ ሠሪ፣ ታክሱ ለእኛ ነው የሚሆነው።

የታኮማው ልጅ፦ ጋሼ፣ ጅማሬውን ነግረውን ቀሪውን ዘለሉት። በስድሳዎቹ መንግሥት ሰፈራችንን ለሁለት ሰንጥቆ ፍሪዌይ ሊያሳልፍ ነበር። ሳም አቦት የሚባል ነዋሪ ከሕዝቡ ጋር ታግሎ አስቆመው። ይኸው ሰው በ1980 ከንቲባ ሆነ። እሱ መሬት ሻጭ ነበር?

ደግሞ ከ1992 ጀምሮ ዜግነት የሌለው ነዋሪም በከተማው ምርጫ ይመርጣል። እናቴ ያላት ግሪን ካርድ ነው። የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ ሲመጣ መነጽሯን ታደርግና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋዋለች። ዕጩዎቹ ስለ ኪራይ ያሉትን እኔ አነብላታለሁ። ወረቀቱን ግን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም፣ ራሷ ናት የምታጠቁረው። እህቷ ከመንገዱ ማዶ፣ እናንተ ጋ ነው የምትኖረው። ስንት ዓመት ታክስ ስትከፍል ለማንም ድምፅ ሰጥታ አታውቅም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እናትህን ያኑርልህ። ግን ሒሳቡንም እንይ። ታኮማ ቤት ያለው ሰው የካውንቲውን ታክስ ይከፍላል፣ በዚያ ላይ የከተማውን ይጨምራል። የራሳቸው ፖሊስ ከዚያ ነው የሚከፈለው። አገልግሎቱ ስለሚደራረብ ካውንቲው ለከተማው የሚመልሰው ገንዘብ አለ። መጠኑ ግን ሁሌም እንዳጨቃጨቀ ነው። ተከራይ ነኝ አይነካኝም የሚል ካለ ይታለላል፣ አከራዩ ኪራዩ ላይ ይጭነዋል።

የፌንተኗ፦ ታኮማ ውስጥ አከራዩ እንደፈለገ መጫን አይችልም። ኪራይ ላይ ገደብ ካደረጉ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። እኛ ያገኘነው በ2023 ካውንቲው ሕግ ሲያወጣ ነው። እስከዚያ ድረስ የደረሰብንን እናውቃለን። የእኔ አከራይ አንዴ ደብዳቤ በር ሥር አስገብቶ እስከ ወር መጨረሻ ወይ ጨምሪ ወይ ልቀቂ ብሎኛል። ማን ዘንድ ልሂድ?

ጋሽ ታክሲ፦ ይኸው ራስሽ አመጣሽው! በመጨረሻ ሕጉን ማን አወጣ? ካውንቲው። ከተማ ሳንሆን አገኘነው። የፖስታ አድራሻ ሆነን።

አሮጌው መንገድ፦ «የፖስታ አድራሻ» የሚለው ነገር ካልቀረ እኔም ልናገር። ይህን ሰፈር ማን አቀናው ሲባል ሁሌም የዋሽንግተኑ ጋዜጠኛ ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር ነው የሚጠራው። በ1840 ፈረስ ሲጋልብ የሚያብረቀርቅ ምንጭ አገኘ፣ የበጋ ቤቱን ሠራ ይባላል። ባሪያ አሳዳሪ እንደነበረ የሚያነሳ ግን ትንሽ ነው። ልጁ ሞንትጎመሪ የሊንከን የፖስታ ሚኒስትር ነበር። በ1864 የደቡቡ ጦር ዋሽንግተንን ሊወጋ ሲመጣ የልጁ ቤት ተቃጥሏል።

በ1853 ደግሞ ሳሙኤል ሊተን የሚባል ነፃ ጥቁር ሰው እዚሁ መሬት ገዛ። ሊተንስቪል የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር በእሱ ስም ነው የተጠራው። አቅኚ ከተባለ እሱም አቅኚ ነው። ጋሼ፣ «ካውንቲው ይበቃናል» ሲሉ ሊተንስቪልን ያስቡ። የሚተዳደረው በካውንቲው ነበር። ነጮቹ ሰፈር አስፋልት ለብሶ እነሱ እስከ ስድሳዎቹ ጭቃ ይረግጡ ነበር። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የሚያገናኛቸው በ1918 የተሠራው የታልበት አቬኑ ጠባብ ድልድይ ነበር። እሱም በ2019 ፈረሰ።

ጋሽ ታክሲ፦ ታዲያ ያን ያደረገው ዘረኝነት ነው እንጂ ከተማ አለመሆን አይደለም።

አሮጌው መንገድ፦ ሁለቱ ተያይዘዋል ነው የምልዎት። በሃያዎቹ ብሩክ ሊ የሚባል የመሬት ነጋዴ መሬቱን ሲሸጥ ለጥቁር እንዳይሸጥ በውሉ ውስጥ ያስጽፍ ነበር። ይኸው ሰው የካውንቲው ፖለቲካ በእጁ ነበር። ውኃና ፍሳሹ በ1918 ለአንድ ኮሚሽን ተሰጠ። ፕላንና ፓርኩ በ1927 ለሌላ ኮሚሽን፣ እዚህ ላይ ሊ ዋና ሰው ነበር። ከተማ የሚያስፈልግበት ሥራ ሁሉ ከላይ ሲያልቅ ሰፈሩ የራሱን ሰው የሚመርጥበት ወንበር አልተረፈውም። የፖስታ አድራሻ ሆነን የቀረነው በተፈጥሮ አይደለም።

የታኮማው ልጅ፦ ጎንደርን ተመልከቱ። የእህትማማች ከተማነት ስምምነቱ ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ጋር ነው። ሐበሻው የሚርመሰመሰው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሚፈርመው የካውንቲው መቀመጫ ሮክቪል!

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ጎንደርን እዚህ ምን አመጣት? ካውንቲው መፈረሙ ምን ጎዳን? ሚሊዮን ሰው ያለበት ካውንቲ ነው፣ አቅም አለው።

ባለ ዊተን፦ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከተማ ስትሉ ከየት እስከ የት ነው? ኋይት ኦክ ያለው የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት አድራሻው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አስፐን ሂል ጓደኛዬ ቤት የሚመጣው ደብዳቤም ሲልቨር ስፕሪንግ ይላል። ዊተን ያለው የእኔም ቤት እንደዚያው። ዳውንታውን ለምትኖሩት ብቻ ከሆነ እኛ ምን እናገኛለን? ሁላችንንም ከጠቀለላችሁ ደግሞ ማን ጠየቀን?

የፌንተኗ፦ ወሰኑ ገና ነው፣ ይነጋገሩበታል። መጀመሪያ ሐሳቡ ላይ እንስማማ።

ባለ ዊተን፦ ወሰኑን ሳላይ በሐሳብ አልስማማም። ታክሱ የሚሰላው በሐሳብ አይደለም።

ጋሽ ታክሲ፦ ተባረክ!

የታኮማው ልጅ፦ ጋሼ፣ ማጨብጨቡን ይተዉና የእናቴን እህት ጉዳይ ይመልሱልኝ። የት ትምረጥ?

ጋሽ ታክሲ፦ ዜግነቷን ትውሰድ፣ ለካውንቲው ትመርጣለች። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግኩት።

የታኮማው ልጅ፦ በእሷ ዕድሜ የእንግሊዝኛ ፈተና ቁጭ በዪ ነው የሚሏት? ይህን ፊት ለፊቷ ይንገሯት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች።