«ሌኽ ለኻ» ውስጥ ያለችው «ለኻ» በአማርኛው የት ገባች?

ዘናታንያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዓርብ ድረስ መልስ የምፈልግለት አንድ ቃል አለኝ። ልጄ 13 ዓመት ስለሞላው በሚመጣው ሰንበት በምኩራብ ኦሪት ለማንበብ ይወጣል። የደረሰው የሳምንቱ ምንባብ ከዘፍጥረት 12 እስከ 17 ያለው፥ በመክፈቻው ቍጥር ባለው ቃል «ሌኽ ለኻ» ተብሎ የሚጠራው ክፍል ነው። ከንባቡ በኋላ አጭር ንግግር ያደርጋል፤ አያቱ ዕብራይስጥ እንደ ልብ ስለማትሰማ መግቢያውን በአማርኛ ሊናገርላት ቃል ገብቷል።

ባለፈው ዓርብ ማታ እሱ በዕብራይስጡ፥ እኔ በ1954 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ስናነብ «ከአገርህ ከዘመዶችህም ከአባትህም ቤት ተለይተህ እኔ ወደማሳይህ ምድር ውጣ» ከሚለው ደረስን። ልጄ ከ«ሌኽ» ቀጥላ ያለችውን «ለኻ»ን በጣቱ እያሳየ፥ ይህች ቃል በእኔ መጽሐፍ የት እንዳለች ጠየቀኝ፤ ብፈልግ አጣኋት። እሱም «ሂድ ለራስህ» ብሎ ተረጎማት። እናቴ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ «ማን ለራሱ ሄዶ ያውቃል? እንዲህ ብለህ በሰው ፊት እንዳትናገር» አለችው። እናቴ በ1977 ዓ.ም. ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከገቡት ወገን ናት፤ ከጎንደር ተነሥታ ሱዳን እስክትደርስ በእግሯ ስትሄድ ታናሽ ወንድሟን በመንገድ ቀብራለች። «ለኻ»ን የሚሸከም፥ እሷንም የማያስቀይም አማርኛ ካላችሁ እንድትነግሩኝ እለምናለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እኅቴ፥ ቃሏን ያጧት መጀመሪያውኑ ወደ እኛ ስላልመጣች ነው። የግእዙ ኦሪት የተመለሰው ከጽርዕ (ከግሪክኛ)፥ ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጽርዑ «ውጣ» ብሎ ያልፋል እንጂ «ላንተ» የሚል ቃል የለውም። ግእዙም ያንኑ ተከትሎ «ፃእ እምነ ምድርከ» አለ። አማርኛው እዚህ ላይ «ሂድ» ሳይል «ውጣ» ማለቱም ከግእዙ ጋር ይስማማል። ስምንት ዓመት ቅኔ የቈጠርሁ፥ ብሉይንም ከመምህር እግር ሥር ተቀምጬ የሰማሁ ሰው እንደ መሆኔ የምመክርዎ፥ የሌለችውን ቃል ከመፈለግ ይልቅ ያለውን «ውጣ» በሚገባ እንዲያስረዳ ነው።

ሥርወ ቃል ፈላጊ፦
መምህር፥ በአክብሮት እቃወማለሁ። ቃሏ የጠፋችው በአጻጻፍ እንጂ በሥር አይደለም። «ሌኽ» ከእኛው «ላከ» ጋር አንድ ናት የሚል እምነት አለኝ፤ አብርሃም የተላከ ሰው ነውና «ሌኽ ለኻ» ማለት «ልኬሃለሁ» ማለት ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ እናትዮዋም ቅር አይላቸውም፥ የተላከ ሰው ለራሱ አይሄድምና።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ወንድሜ፥ «ላከ» ጥንቱ «ለአከ» ነው፤ በመካከል ያለው አሌፍ በ«መልአክ»ና በ«መልእክት» ውስጥ እስከ ዛሬ ይታያል። ፊደሉን ሳይጠይቁ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ዘመድ ማድረግ አይገባም።

ዘኢየሩሳሌም፦
መምህሩ ትክክል ናቸው። «ሌኽ» የ«ሀለኽ» ትእዛዝ ነው፤ በትእዛዝ ጊዜ መነሻው «ሀ» ይወድቃል። እኔ በኢየሩሳሌም ለአማርኛ ተናጋሪ ጎልማሶች ዕብራይስጥ ሳስተምር ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፤ ስለዚህ የአይሁድ ሊቃውንት ምን እንዳሉ ልጨምር። በፈረንሳይ አገር ትሯ በምትባል ከተማ የኖረውና በ1105 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ያረፈው ራሺ «ለኻ»ን «ለጥቅምህና ለበጎህ» ብሎ ይፈታታል። ቀጥሎም በቍጥር 2 ያሉት ሦስት በረከቶች ለምን ሦስት እንደሆኑ ሲያስረዳ፥ መንገድ ከሰው ሦስት ነገር ይቀንሳል ይላል፤ ልጅ መውለድን፥ ገንዘብን፥ ስምን። ስለዚህ «ታላቅ ሕዝብም አደርግሃለሁ» የተባለው በልጅ ፋንታ፥ «እባርክሃለሁ» የተባለው በገንዘብ ፋንታ፥ «ስምህንም አከብረዋለሁ» የተባለው በስም ፋንታ ነው። የተሰደደ ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ የራሱን ሂሳብ ይቈጥራል፤ በክፍሌ ውስጥ ዝምታ የሚሆነው ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦
የራሺን ፍቺ ስላመጡልን አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን የአማርኛውን መንገድ ላሳይ። ዕብራይስጡ በ«ለ» የሚለውን እኛ በግሱ ውስጥ በ«ል» እንለዋለን፤ ጥቅም ሲሆን «ል»፥ ጉዳት ሲሆን «ብ»። «ሄደልኝ» ያለ ተገላግሏል፥ «ሄደብኝ» ያለ አጥቷል፤ «አትሂድብኝ» የምትል እናትም በአንዲት ፊደል ልቧን ሁሉ ትናገራለች። ችግሩ ሂያጁና ተጠቃሚው አንድ ሰው ሲሆኑ ነው፤ «ሂድልህ» የሚል አማርኛ የለምና «ለራስህ» ለማለት እንገደዳለን። «ሂድ ለራስህ» ሲባል ደግሞ ጆሮ የሚሰማው «እንደ ፈለግህ ሁን» የሚለውን ነው። ከ«ለራስህ» ቀጥላ አንዲት «ነው» ብትገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። እናቶቻችን «ለራስህ ነው የምልህ» ሲሉ የራሺን ፍቺ ሳያውቁት ይናገሩታል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ነው»ን ከየት አመጡት? በጽርዕም በግእዝም በዕብራይስጥም የሌለ ነው።

ዘሲልቨር ስፕሪንግ፦
መምህር፥ እርስዎ ራስዎ ያለውን «ውጣ» እናስረዳ ብለዋልና ወደዚያ እንመለስ። አማርኛ «ወጣ» ብሎ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ሰው ከቤት ይወጣል፥ ተራራም ይወጣል። ግእዝ መጀመሪያውን «ወፅአ»፥ ሁለተኛውን «ዐርገ» ብሎ ይለያል፤ ዕብራይስጥም እንዲሁ «ያጻ» እና «ዓላ» ይላል። ከመጀመሪያው «ዘፀአት»ን፥ ከሁለተኛው «ዓሊያ»ን፥ ወደ እስራኤል ምድር መግባትን፥ እናገኛለን። አማርኛ አንባቢ ግን «ውጣ» ሲባል ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ አብርሃም ከአገሩ ወጣ፥ ወደ ተስፋይቱ ምድርም ወጣ። ጠያቂዋ እኅታችን በመጀመሪያው መልእክታቸው «ልጄ ኦሪት ለማንበብ ይወጣል» ማለታቸውን ልብ በሉ፤ በሰንበት ሰባት ሰዎች ወደ ኦሪቱ የሚጠሩበት ሥርዓትም በዕብራይስጥ ስሙ «ዓሊያ» ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ከአባትህም ቤት ተለይተህ ውጣ» የሚለውን ሳነብ የሚመጣልኝ «ጎጆ ወጣ» የሚለው አነጋገራችን ነው። ጎጆ የወጣ ልጅ ከአባቱ አልተጣላም፤ ራሱን ችሏል። «ለኻ» ማለት «ራስህን ችለህ» ማለት ቢሆንስ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ስለ «ወፅአ»ና ስለ «ዐርገ» የተናገሩት መልካም ነው፤ ሆኖም መጽሐፉ «ዕርግ» አላለም፥ «ፃእ» አለ እንጂ፤ አማርኛ ሁለቱን ስለ ደባለቀ ንባቡ አይደባለቅም። «ጎጆ ወጣ» ደግሞ ትዳር ለያዘ ወጣት የሚባል ነው። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ሣራንም ካገባ ቆይቷል።

ዘሲልቨር ስፕሪንግ፦
ትዳር ቢይዝም ከአባቱ ከታራ ጋር ከዑር ወጥቶ ከእርሱ ጋር በካራን ተቀምጦ ነበር፤ ምዕራፍ 11 መጨረሻ ላይ ይገኛል። በአባት ቤት የኖረ ባለትዳር ጎጆ አልወጣም ይባላል፤ በአገሬ በሰሜን ሸዋ የሚባለው እንዲህ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
በጎጃም አይባልም።

ዘኢየሩሳሌም፦
ከጎጆው ክርክር በፊት አንድ ከባድ ነገር አለ። «ሌኽ ለኻ» የሚለው ሐረግ በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ 22 ላይ ይስሐቅን እንዲሠዋ ሲታዘዝ ነው፥ አማርኛውም «ወደ ሞሪያም ምድር ሂድ» ይለዋል። ልጁን ሊሠዋ ለሚሄድ አባት «ራስህን ችለህ» ማለት እንዴት ይስማማል? «ለጥቅምህ» የሚለውስ? የእናትዮዋ «ማን ለራሱ ሄዶ ያውቃል» የሚል ጥያቄ እዚህ ቦታ ላይ ከሁላችን ንግግር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የእኛ ሊቃውንት «አንድም» እያሉ ፍቺን በፍቺ ላይ ሲደርቡ የአይሁድ መምህራንም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ የእናትዎ ቃል ከአንዱ «አንድም» የሚያንስ አይደለም።

ሰዋስው ወዳድ፦
ታዲያ በምዕራፍ 12 «ል»፥ በምዕራፍ 22 «ብ» ይሆናል ማለት ነው?

ዘኢየሩሳሌም፦
ዕብራይስጡ «ብ»ን በዚህ መንገድ አያውቅም። ሁለቱንም በአንድ «ለ» ነው የሚለው፤ ጭንቁም ከዚያ ይመጣል።

ዘናታንያ፦
ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሰንበት ሊገባ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል፥ ሁሉንም መልሶች ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ጎጆው ፈገግ አለች፤ ስለ «ወፅአ» ዝም አለች። የራሺን ሦስት ነገሮች ስነግራት ግን «ሦስተኛውን ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ከዚያ ለልጄ ከዚህ በፊት ነግራው የማታውቀውን ነገረችው፤ እዚህ በደረሰች በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ፥ ስሟን ሦስት ጊዜ ከተናገረች በኋላ ጸሐፊው መስማት ተስኖት በወረቀቱ ላይ ሌላ የዕብራይስጥ ስም እንደ ጻፈ፥ አባቷ ያወጡላት ስም ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድም ሰነድ ላይ እንዳልተገኘ። ልጄ ሊያጽናናት አስቦ «ታዲያ አዲስ ስም አወጡልሽ» ቢላት «አወጡልኝ አትበል፤ አወጡብኝ» አለችው።

«ስም ማውጣት» ውስጥም ያ «ወጣ» መኖሩን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ልጄ ንግግሩን እንደገና እየጻፈ ነው፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ አባቷ ያወጡላትን ስም አስቀምጧል፥ ሲያነበው አጠራሩን እያረመችው ነው። ለ«ለኻ» የተወው ቦታ ግን እስካሁን ባዶ ነው፤ ሻማ ከመብራቱ በፊት የሚጽፍልኝ ካለ ስልኬን እስከዚያ አልዘጋውም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እኅቴ፥ እናትዎን ከእኔ ሰላም ይበሉልኝ። «አወጣ» የ«ወጣ» አድራጊ ነው፤ ስም ሲወጣ ግን ከየት እንደሚወጣ ከዚህ በፊት ጠይቄ አላውቅም ነበር። በ«ነው» ላይ ለሰዋስው ወዳድ የሰጠሁትን መልስ ትቻለሁ፤ በጎጆው ላይ ያልሁትን ግን አልተውም።