የ16 ወር ልጅ ራሱን ሲታጠብ ይጮኻል፣ ፍትፍት ይተናነቀዋል፦ ማቆያ ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

የአዘዞ ሞግዚት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ስለምንይዘው ልጅ ነው። 16 ወሩ ነው፣ በጊዜው የተወለደ። ይሄዳል፣ ስሙን ሲጠሩት ዞር ይላል፣ የፈለገውን በጣቱ ያሳያል። ገላውን ሲታጠብ እስከ አንገቱ ድረስ ምንም አይልም፤ ውኃ ራሱ ላይ ሲፈስ ግን ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ይጮኻል። አጥሚትና ለስላሳ ገንፎ ይበላል፤ የሽሮ ፍትፍት ሲጎርስ ይተናነቀዋል፣ አንዳንዴም ያስመልሰዋል። ሣር ላይ በባዶ እግሩ ሲያቆሙት እግሩን ያጥፋል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል። መታቀፍ፣ ትራስ ሥር መግባትና በአንቀልባ መታዘል ግን ነፍሱ ነው። አያቱ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ይላሉ፤ እናቱ ደግሞ ኦቲዝም ይሆን ብላ ሰግታለች። ልጆቹ 9፣ እኛ ደግሞ 2 ነን፤ ከሥራው ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ንገሩን።

ኦቲ ማራኪ፦
እህቴ፣ እኔ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ኦቲ) ባለሙያ ነኝ፤ ልጆች መብላት፣ መታጠብና መጫወትን የመሰለ የዕለት ተዕለት ነገር እንዲችሉ እናግዛለን። ከጻፍሽው ብዙ ነገር ይነበባል። ድንገተኛና ለዘብ ያለ ንክኪ ያስበረግገዋል፤ ጠበቅ ያለ ጫና ያረጋጋዋል። እነዚህ ሁለቱ አይጋጩም። የውኃ ጠብታንና የሣር ጫፍን አንጎሉ እንደ አደጋ ምልክት ይቀበለዋል፤ ጡንቻና መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፍ ጫና ግን ያበርደዋል። አንቀልባ የሚወደውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የሚከብደው ነገር ከመምጣቱ በፊት ጫናው ይቅደም።

ከገላው እንጀምር። መጀመሪያ የሚያስጮኸው ውኃው ይሁን ወይስ ራሱ ወደ ኋላ መዘንበሉ፣ ለዪው። ልብሱን እንደለበሰ፣ ውኃ በሌለበት፣ ጭንሽ ላይ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ አጋድሚው። እዚያም ከጮኸ የሚያስፈራው መዘንበሉ ነው፤ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ክፍል «ልትወድቅ ነው» እያለው ነው። እንዲህ ከሆነ አጋድሞ ማጠብ ይቅር፣ ሳፋው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ውኃው እስከ እምብርቱ ይድረስ፤ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ገደማ ይሁን፣ በክርንሽ ስትነኪው የማያቃጥልም የማይቀዘቅዝም። ራሱን በደረቅ ፎጣ ሸፍነሽ በሁለት መዳፍሽ 10 ሰኮንድ ያህል ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፣ አትሺው። ቀጥሎ በረጠበና በደንብ በተጨመቀ ፎጣ እንደዚያው። ይህን ሳይረበሽ ከተቀበለ በኋላ ነው ኩባያ የሚመጣው፦ ግንባሩ ላይ የታጠፈ ፎጣ ይያዝለት፣ ከፍ ካለ ቦታ የተንጠለጠለ ነገር እያየ ቀና ይበል፣ ኩባያው ራሱን ነክቶ ከኋላ በኩል ይፍሰስ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» በይና ሦስት ላይ አቁሚ። ቆጠራው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ መቼ እንደሚያልቅ ካወቀ ግማሹ ፍርሃት ይቀላል። ብዙዎች የሚያበላሹት «ዛሬማ ዝም አለ» ብለው አንድ ኩባያ ሲጨምሩ ነው፤ ያን ቀን የተገኘው እምነት በማግሥቱ የለም። ውኃው ጥቂት ቢሆንም ልጁን ሳፋ ውስጥ ትቶ ዞር ማለት የለም።

ምግቡ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፍትፍት ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ከምግብ ሁሉ ከባዱ ነው፤ ፈሳሹና ቁራሹ አንድ ላይ ስለሚገቡ አፉ ልዋጥ ወይስ ላኝክ ብሎ ይምታታበታል። ለያዩለት። ገንፎውን ቀስ በቀስ አወፍሩት፤ ከዚያ በሹካ የተፈጨ ድንች፤ ጎን ለጎን ደግሞ ራሱ የሚይዘው ነገር፣ ለምሳሌ በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚፈርስ የተቀቀለ ካሮት ወይም በጣት ቁመት የተቆረጠ ለስላሳ ቂጣ። አዲሱ ምግብ በሚወደው አጠገብ ትንሽ ይቀመጥ፤ ገንፎው ውስጥ አትደብቁበት፤ ከደበቃችሁ ገንፎውንም ይጠላዋል። ማየት፣ መንካት፣ ማሽተት፣ ከንፈር ማስነካት፣ መላስ ሁሉም እንደ መብላት ይቆጠር። አንድን ምግብ ለመቀበል 10 እና 15 ጊዜ መቅረብ የተለመደ ነው። አፉን በማንኪያ መፈልቀቅ ግን የተለፋበትን ሁሉ ያጠፋል። እግሩ የሚያርፍበት ነገር ይኑር፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ጉልበቱን የሚጨርሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ ነው።

ጤና ባለሙያ፣ ቀበሌ 18፦
ስለ እንጥሉ አስቀድሜ ልናገር። እማማን በአክብሮት አስረዷቸው እንጂ እንጥል መቁረጥ የምግብ መተናነቅን አያድንም። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ንጹሕ ባልሆነ መሣሪያ ቴታነስና ሌላም ይተላለፋል። አፉ ላይ የደረሰበት ሕመም ደግሞ ምግብን ይበልጥ ያስጠላዋል። የወተት ጥርስ ማስነቀልም እንዲሁ።

መተናነቅና መታነቅ ይለያያሉ። ሲተናነቀው ድምፅ አለው፣ ያስላል፣ ፊቱ ይቀላል፤ ታገሡት፣ ጣት አፉ ውስጥ አትክተቱ። ድምፁ ከጠፋ፣ ማሳል ካቃተውና ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ታንቋል፦ ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በመዳፍ ምቱት፤ ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፉት፤ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ፣ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ሆድ አይገፋም፤ በደረቱ መካከል 5 ጊዜ መጫን ነው። ቆሎና ለውዝ ከማቆያው ይራቁ።

ጆሮውን አሳዩት። ከጆሮ ታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ያለበት ልጅ ድምፅም መዘንበልም ሊረብሸው ይችላል። ከአጥሚትና ከወተት ሌላ የማይበላ ከሆነም የደም ማነስ ይመርመር።

ቆቅ፦
ከባድ ብርድ ልብስ ይሸጣል፣ እሱን አልብሱት። ደግሞ ዥዋዥዌ ላይ በደንብ ማሽከርከር ነው፣ ይለምዳል።

ኦቲ ማራኪ፦
ቆቅ፣ ሁለቱም ይቅሩ። ክብደት የተሰፋበት ብርድ ልብስ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፤ ራሱ ገፎ መውጣት ካልቻለ ትንፋሹን ያፍነዋል። ማሽከርከር ደግሞ ውጤቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከቆይታ በኋላ ያስመልሰዋል ወይም እንቅልፍ ይነሣዋል። ዝግ ያለ የፊትና የኋላ ውዝዋዜ ነው የሚያረጋጋው። ፊቱ ከገረጣ፣ ካላበው፣ ደጋግሞ ካዛጋው፣ ስቅ ካለው ወይም ዓይኑን ካሸሸ በቅቶታል ማለት ነው፤ እስኪያለቅስ አይጠበቅም።

ብርቱካን ዘ አራዳ፦
ይቅርታ በመሐል ገባሁ። የ3 ወር ሕፃን ስትታቀፍ ወደ ኋላ ትለጠጣለች፤ እሷስ?

ኦቲ ማራኪ፦
ኳስ አድርገሽ ያዣት፦ ጉልበቷ ወደ ሆዷ፣ እጆቿ ወደ አፏ። መብራቱን ቀንሺ፤ እየወዘወዝሽ አትዝፈኚ፣ አንዱን ምረጪ። በነጠላ ስትጠቀልያት ዳሌና እግሯ እንደልብ ይንቀሳቀስ፤ ስትተኛ በጀርባዋ ትሁን፣ መገላበጥ ስትጀምር መጠቅለሉ ይቁም። ስታሻት በሙሉ መዳፍ፣ ዝግ ብለሽ፤ በጣት ጫፍ መዳበስ ይኮረኩራታል። ጡት ላይ ስትለጠጥ የሚያስመልሳት ወይም ኪሎዋ የማይጨምር ከሆነ ይህ ሁሉ ይቆይና ሐኪም ይያት። ላንቃዋ ላይ ማር መቀባት ደግሞ ከ1 ዓመት በፊት ጭራሽ የለም።

የአዘዞ ሞግዚት፦
እናመሰግናለን። ለ9 ልጅ ግን እንዴት ይዳረሳል? ስለ ኦቲዝሙም ለእናቱ ምን እንበላት?

ኦቲ ማራኪ፦
ለሁሉም አድርጉት፤ ማንንም አይጎዳም። ከምሳና ከገላ በፊት ለ5 ደቂቃ ልብስ የተሞላ ካርቶን ይግፉ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ፕላስቲክ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሱ፣ ትራስ ላይ ይውጡ። ለእግሩ ከጋቢ ወደ ምንጣፍ፣ ከምንጣፍ ወደ ሰሌን፣ ከሰሌን ወደ ታጨደ ሣር፤ መጀመሪያ በካልሲ፣ ሁልጊዜም ውስጥ እግሩን በመዳፍ ከተጫናችሁት በኋላ። ክረምት ሲገባ ኮርኒስ ያለው ክፍል ካለ እሱን የመኝታ ክፍል አድርጉት፤ ከሌለ ዝናቡ ሲጀምር አዝላችሁት ቁሙ። ጆሮ መሸፈኛ ለከተራና ለጥምቀት ሕዝብ መሐል ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከዋለበት ግን ተራ ድምፅም መፍራት ይጀምራል። ምሳ ሰዓት ላይ ዕጣን አይጨስ፣ ቡና አይቆላ፤ ሽታው ብቻውን ይዘጋዋል።

ጤና ባለሙያ፣ ቀበሌ 18፦
ለእናቱ፦ በጣቱ ማሳየቱና በስሙ መዞሩ ደግ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ኤም-ቻት የሚባለው፣ የኦቲዝም ምልክት መኖሩን የሚያጣራ 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ነው፤ ልጁ አሁን ደርሶለታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲ.ኤስ.ኤም-5 የተባለው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ ለድምፅና ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽ ከልክ በላይ ወይም በታች መሆኑን ከኦቲዝም መለኪያዎች አንዱ አድርጎ ይዞታል፤ ራሱን ችሎ እንደ በሽታ ግን አልመዘገበውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ብቻውን የምርመራ ውጤት አድርጋችሁ አትጻፉ ብሏል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ እይታ ስም ቢሰጠው አትደንግጥ። የሚናገረውን ቃል ከተወ ወይም ማሳየቱን ካቆመ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ያስተምራል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የሕፃናት ክፍል ስትሄዱ ወደ ባለሙያው እንዲልኳችሁ በስሙ ጠይቁ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፦ ለ1 ሳምንት ከጩኸቱ በፊት ምን እንደነበረ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየና ምን እንዳበረደው ጽፋችሁ ያዙ።

የአዘዞ ሞግዚት፦
ጥፍሩንስ? ሲቆረጥ ለ2 ሰው ያስቸግራል።

ኦቲ ማራኪ፦
ከገላ በኋላ፣ ጥፍሩ ሲለሰልስ። ጀርባውን ደረትሽ ላይ አስደግፊው፤ እያንዳንዱን ጣት ከሥር እስከ ጫፍ ጫን ጫን አድርጊና ያንኑ ጣት ወዲያው ቁረጪ። በአንድ ጊዜ 2 ጣት ይበቃል፤ የቀረው ለነገ።