አንጎልን ከውጭ ማነቃቃት የሞተር ኒውሮን በሽታን ያዘገያል?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ ኤኤልኤስ የተባለው፣ ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች የሚሞቱበት የሞተር ኒውሮን በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ ሪሉዞል የተባለውን መድኃኒት እየወሰደ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ፣ ያለ ቀዶ ጥገና ጭንቅላት ላይ በሚደረግ ማግኔት አንጎልን አነቃቅቶ በሽታውን እንደሚያዘገይ ስለነገረን ቤተሰቡ በሐሳብ ተከፍሏል። ነርቮቹ እየሞቱ ላለ ሰው የአንጎሉ መነቃቃት ምን ይጠቅመዋል?

መላሽ 1 (የነርቭ ሐኪም)፦ በዚህ በሽታ የእንቅስቃሴ ትእዛዝ የሚያወጣው የአንጎል ክፍል፣ በተለይ በሽታው ሲጀምር፣ ከልክ በላይ ተነቃቅቶ ይገኛል፤ ግሉታሜት የተባለው ቀስቃሽ ኬሚካል መብዛትም ነርቮቹን ይጎዳል ተብሎ ይታመናል። ሪሉዞል የግሉታሜትን መለቀቅ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ ስሙ ማነቃቃት ይባል እንጂ ተመራማሪዎች በብዛት የሞከሩት ማርገብን ነው፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል የሚሰጥ የማግኔት ምት ይህንን ከልክ ያለፈ መነቃቃት ለጊዜው ያበርደዋል። ሐሳቡ ያማረ ቢሆንም ውጤቱ አላማረም። በጣሊያን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው፣ 20 ሕሙማንን ለአንድ ዓመት የተከታተለው ጥናት፣ እውነተኛውን ምት ባገኙትና እውነተኛ ምት በማይሰጥ ማስመሰያ መሣሪያ በታከሙት መካከል በበሽታው ፍጥነት ላይ የጎላ ልዩነት አላገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ የሰበሰባቸው ሦስት ሙከራዎች ተደምረው የያዙት 50 ሰዎችን ብቻ ስለነበር፣ ሕክምናው ይሠራል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም ሲል ደመደመ። በእኔ አስተያየት ይህ ገና የምርምር ጉዳይ ነው፤ እንደ ሕክምና ሊሸጥ አይገባውም።

መላሽ 2፦ ባለቤቴ በእንዲህ ያለ ሙከራ ተሳትፋ ስለነበር ያየሁትን ልንገርዎት። ስምንት ቁጥር የሚመስለውን የሽቦ ጥቅልል ጭንቅላቷ ላይ ያሳርፉና፣ መሣሪያው ቀጭ ባለ ቁጥር አውራ ጣቷ ብድግ የሚልበትን የኃይል መጠን ይፈልጋሉ። በሽታው ሲገፋ ኃይሉን ቢጨምሩም ጣቷ መነሣቱን እየተወ መጣ። እውነተኛው ይድረሳት ማስመሰያው አልተነገረንም፤ ገንዘብም አልተጠየቅንም። ክሊኒኩ የሚያስከፍላችሁ ከሆነ፣ በየትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀ ጥናት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

መላሽ 3 (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)፦ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ወይም ደረቱ ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው ሳይመረመር ማግኔቱ አጠገብ እንዳይደርስ። ይልቅ የወንድምዎ አተነፋፈስ ተለክቷል? የመተንፈሻ ጡንቻ ሲደክም ሌሊት በጭንብል የሚረዳው መሣሪያ ለብዙዎች ዕድሜ እንደሚጨምር በጥናት ተረጋግጧል።

ጠያቂ፦ አልተለካም። ጠዋት ጠዋት ግን ራሱን ያመዋል፤ በጀርባው መተኛትም እየከበደው ነው።

መላሽ 1፦ ሁለቱም ምልክቶች ሌሊት በቂ አየር እያገኘ ላይሆን እንደሚችል ይጠቁማሉ። የክሊኒኩን ነገር ለጊዜው ትታችሁ፣ በዚሁ ሳምንት የሳንባ አቅሙንና በደሙ ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን አስለኩለት።